ታይሰን ሀይፕ ነበር? አሊስ ድሮም ይወደድ ነበር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጆርጅ ፎርማን አንድ ገፅ ፅፌ ነበር። በ1974 ኪንሻሳ ላይ በመሐመድ አሊ ተዘርሮ አለቀለት የተባለው፣ 10 አመት ከሪንግ ርቆ ከቆየ በኋላ ተመልሶ በ1994 በ45 አመቱ ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ጥሎ የአለም ሻምፒዮን የሆነው፣ በ2025 መጋቢት ላይ ያረፈው ፎርማን። ከዛ ወዲህ የሚደርሰኝ መልእክት ሁሉ ቦክስ በቦክስ ሆኗል፣ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝም ያው አንድ ነገር ነው፣ ትላንት ንጉስ የተባለ ሰው ዛሬ እንዴት ተራ ይባላል፣ የተናቀውስ እንዴት ተመልሶ ይከብራል ነው። የተወሰኑትን ልመልስ። አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ በኛ ሲሆን ዓ.ም እጨምርበታለሁ።

ከደሴ፣ ሸዋ በር

"ጋሼ እንደምን ከረሙ። እኔና አባቴ በማይክ ታይሰን ምክንያት ሳምንቱን ሙሉ ስንከራከር ነው የከረምነው። እኔ 21 አመቴ ነው፣ ታይሰንን ላይቭ ያየሁት ከዛ ዩቲዩበር ከጄክ ፖል ጋር ሲጋጠም ነው፣ እግሩ እምቢ ብሎት። የድሮ ክሊፖቹንም አይቻለሁ ግን የሚመታቸው ሰዎች ገና ሳይነኩ የሚወድቁ ናቸው። በቃ ሀይፕ ነው፣ በወሬ የተጋነነ ነው እላለሁ። አባቴ ደግሞ እሱን የመሰለ አልተፈጠረም፣ አንተ ምን ታውቃለህ ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?"

አብሽር ወንድሜ፣ አባትህም አልዋሹም አንተም አልዋሸህም፣ ግን ሁለታችሁ ያያችሁት አንድ ሰው አይደለም። አንተ ያየኸው በህዳር 2024 የ58 አመት ሽማግሌ ሪንግ ላይ ሲወጣ ነው። አባትህ የሚያወሩት በ1986 ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ጥሎ በ20 አመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ስለሆነው ልጅ ነው፣ እስከዛሬ በዛ እድሜ ያንን ያደረገ ሌላ የለም። "ሳይነኩ የሚወድቁ" ባልከው ላይ ግን አልስማማም። ማይክል ስፒንክስን ውሰድ፣ በ1988 ከታይሰን ጋር ሲገናኝ 31 ጊዜ ተጋጥሞ 31 ጊዜ ያሸነፈ፣ ለረጅም ጊዜ ሻምፒዮን የነበረውን ላሪ ሆልምስን የሚያህል ሰው ሁለቴ የረታ ቦክሰኛ ነበር። 91 ሰከንድ ነው የቆየው። ክሊፑን ድጋሚ ክፈተውና ከደወሉ በፊት የስፒንክስን ፊት እየው፣ ቡጢው ሳይደርስ ፍርሃቱ ቀድሞ ደርሷል፣ ያ ፍርሃት ደግሞ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ታይሰን በሁለት አመት ውስጥ በየግጥሚያው እያጠራቀመ የሰራው ነው።

አሁን "ለምን እንዲህ እንለያያለን" ወደሚለው ልምጣ። ደጋፊ አንድን ቦክሰኛ የኔ ነው ሲል ከሰውየው አንድ ቃል ተቀብሎ ነው፣ ቦክሰኛው በአፉ ባይናገረውም። ታይሰን የሰጠን ቃል "እኔ ፊት ቆሞ የሚቀር የለም" የሚል ነበር። እንደዚ አይነት ቃል ደግሞ ትንሽ ሽንፈት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ወይ ሙሉ ነው ወይ ባዶ ነው። ለዛ ነው በየካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ በተር ዳግላስ በ10ኛው ዙር ሲጥለው አለም የደነገጠው፣ ውርርድ ላይ ዳግላስ 42 ለ 1 ነበር የተሰጠው፣ ያሸንፋል ያለ የለም ማለት ነው፣ እናቱ ከሞተች ገና ሳምንታት ናቸው፣ በ8ኛው ዙር ራሱ ወድቆ ተነስቷል። ከዛ ታይሰን በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ የጥርስ መከላከያውን መሬት ላይ ሲፈልግ፣ አግኝቶ ጫፉን ብቻ ነክሶ ለመነሳት ሲሞክር አየነው። ያቺ ምስል እስከዛ የነበረውን አራት አመት አፈረሰችው። ዳግላስም ቢሆን ስምንት ወር ነው የነገሰው፣ ጥቅምት ላይ ኢቫንደር ሆሊፊልድ በሶስተኛው ዙር ዘረረውና "ድሮም እድል ነው" ተባለ። እኔ ይሄን አባባል በጣም ነው የምቃወመው፣ የዛን ቀኑ ዳግላስ ፊቱ ማንም ቢቆም ያሸንፈው ነበር፣ ግራ እጁ እኮ እንደ መርፌ ነበር የሚወጋው።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። የጆሮው ነገር በተፈጠረ ጊዜ፣ ሰኔ 1989 ዓ.ም ማለት ነው፣ ካሴቱ ደሴ የደረሰው ክረምት ከገባ በኋላ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረች፣ መስኮቷ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ የማይሰማበት፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ነው የምናየው። ታይሰን የሆሊፊልድን ጆሮ ሲነክስ ቤቱ በአንድ ድምፅ "መልሰው! መልሰው!" ይላል፣ ባለቤቱ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይመልሰዋል፣ በየቀኑ ለየገባው ሰው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካሴቱ እዛች ቦታ ላይ ተበልቶ ነጭ መስመር ብቻ መስራት ጀመረ፣ ከመስመሩ መሀል የሁለት ሰው ጭንቅላት ብቻ ነው የሚታይህ። እዛው መደርደሪያው ላይ ግን ከሰባት ወር በፊት የተደረገው ግጥሚያ ካሴት ነበር፣ ሆሊፊልድ ታይሰንን ፊት ለፊት ቆሞ፣ ክንዱን አስሮ፣ እየገፋ፣ በ11ኛው ዙር ያስቆመበት፣ ቦክስ ለሚወድ ሰው ከጆሮው መቶ እጥፍ የሚሻል። ማንም "አጫውትልን" ሲል አልሰማሁም። የሰው ስም የሚሰራው ተመልሶ ተመልሶ በሚታየው ነገር መሆኑን እኔ የተማርኩት ከዛ ካሴት ነው፣ የዛሬው ቲክቶክ ያንኑ ነው የሚያደርገው፣ ካሴቱ አለመበላቱ ነው ልዩነቱ።

ሌላ ሳልለው የማላልፈው ነገር አለ። ታይሰን በ1992 በአስገድዶ መድፈር ተፈርዶበት ሶስት አመት ገደማ ታስሯል። ዛሬ ረጋ ብሎ ሲያወራ፣ ስለ ራሱ ጥፋት ሲናገር ሰው እየወደደው ነው፣ የድሮው አስፈሪ ሰው እንደ አጎት ሆኗል። ይሄ ሁሉ ሲነገር ያ ፍርድ ተረስቶ መቅረት የለበትም። ቦክሱን ግን ብቻውን ከመዘንከው አባትህ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ፣ ለሶስት አመት ያህል እሱን የመሰለ አልነበረም፣ "አልተፈጠረም" የሚለው ላይ ነው የሚያበዙት። አብራችሁ ቁጭ በሉና የስፒንክስንና የዳግላስን ግጥሚያ በአንድ ማታ አከታትላችሁ እዩ፣ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ትለቃላችሁ።

ከከሚሴ

"ጅዳ ስድስት አመት ሰርቼ ነው የተመለስኩት። አሰሪዎቼ ቤት የትልቁ ልጅ ክፍል ግድግዳ ላይ የናሲም ሀመድ ፎቶ ነበር፣ አባትየው ስለሱ ሲያወራ እንባ ይቀርበዋል። እዚ መጥቼ ስጠይቅ ግን ማንም አያውቀውም። እንደዛ የተወደደ ሰው እንዴት እንዲህ ይጠፋል?"

እህቴ እንኳን ለሀገርሽ አበቃሽ። ናሲም የየመን ልጅ ነው፣ ቤተሰቦቹ ከየመን ሄደው እንግሊዝ ሼፊልድ ነው የተወለደው፣ ስለዚ አረቡ አለም ሁሉ የኔ ልጅ ነው ያለው። ገመዱን በአየር ላይ ተገልብጦ ነው ወደ ሪንግ የሚገባው፣ እጁን ወደታች ጥሎ አገጩን ሰጥቶ "ምታኝ" እያለ ነው የሚጋጠመው፣ ሰውየው ሲሰነዝር በማይጠበቅ ጎን መጥቶ ይዘርረዋል። የሱ ቃል "እኔን መንካት አይቻልም" ነበር። በሚያዝያ 2001 ላስቬጋስ ላይ ሜክሲኮው ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራ አልተናደደለትም፣ አልቸኮለም፣ ቀስ እያለ ደጋግሞ መታው፣ በነጥብ አሸነፈው። አልተዘረረም እኮ፣ በነጥብ ነው። ግን ከዛ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተጋጥሞ በ28 አመቱ ተወው። 37 ግጥሚያ፣ 36 አሸናፊነት፣ አንድ ሽንፈት።

የጠፋበትን ምክንያት ከጠየቅሽኝ መሸነፉ አይመስለኝም፣ ከተሸነፈ በኋላ ሌላ ገፅ ስላልጨመረበት ነው። ሰው የመጨረሻውን ገፅ ነው የሚያስታውሰው፣ የናሲም የመጨረሻው ትልቅ ገፅ ደግሞ ባሬራ ነው። በ2015 የቦክስ ዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ስሙ ገብቷል፣ ይገባዋልም። አሰሪሽ እንባ የቀረበው ለሻምፒዮንነት ቀበቶው አይመስለኝም፣ አንድ የየመን ቤተሰብ ልጅ እንግሊዝ ሀገር ላይ እንደዛ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ማየቱ ነው።

ከወልድያ

"እኔ የድሮ ሰው ነኝ፣ ሰባ አልፌያለሁ። የልጅ ልጆቼ መሐመድ አሊን ሁሉም የሚወደው የሰላም ሰው አድርገው ነው የሚያውቁት። እኔ በወጣትነቴ በሬዲዮ የሰማሁት ግን የገዛ ሀገሩ ሰዎች እንደሚጠሉት ነበር። ተሳስቼ ነው ወይስ ዘመኑ ነው የቀባባው?"

አባባ አልተሳሳቱም፣ እድሜ ይስጥልን። አሊ በ1964 ሶኒ ሊስተንን አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆንና ስሙን ከካሲየስ ክሌይ ሲቀይር ብዙው የአሜሪካ ጋዜጣ አዲሱን ስሙን ለመፃፍ እንኳ እምቢ ብሎ ነበር። በ1967 ቬትናም አልዘምትም ሲል ቀበቶውን ቀሙት፣ የመጋጠም ፈቃዱን ነጠቁት፣ ከ25 እስከ 28 አመቱ ድረስ፣ ቦክሰኛ ጉልበቱም እግሩም በሚሞላበት ሶስት አመት ተኩል፣ ሪንግ አልወጣም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነፃ ያለው በ1971 ነው። ያኔ የሚጠላው ሰው የሚሰድበው ፈሪ፣ ከሀዲ እያለ ነበር። ጦርነቱ ህዝቡን እየመረረው ሲሄድ ነው አሊ ትክክል ነበር ማለት የተጀመረው፣ ማለትም አሊ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሰዉ ነው ወደሱ የመጣው። እኔ በቦክስ ታሪክ ከዚ የሚበልጥ የስም መለወጥ አላውቅም።

ከዛ ህመሙ መጣ። በ1984 ፓርኪንሰን እንዳለበት ታወቀ። በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ችቦውን ሲለኩስ ጎረቤት ቤት ሆነን ነው ያየነው፣ የዛኔው ፋጡማ ሮባ ማራቶን ያሸነፈችበት፣ ኃይሌ 10 ሺህ ያሸነፈበት ኦሎምፒክ ነው። አሊ ቀኝ እጁ ችቦውን ይዟል፣ ግራ እጁ ከትከሻው ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፣ እሳቱ ወደ እጁ እየተጠጋ ነው። ቤቱ ውስጥ አንዲት እናት "ኧረ ያዙለት!" ብለው ተነሱ። ቦክስ አይተው አያውቁም፣ ማን እንደሆነም አያውቁም ነበር። ከዛች ቀን በኋላ አሊን የሚጠላ ሰው ማግኘት ከባድ ሆነ፣ ለዛ ነው የልጅ ልጆችዎ ሰላማዊውን አያት ብቻ የሚያውቁት። እኔ ግን ምላሱ የሚያቃጥለው ያ ወጣትም እንዲነገራቸው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ምላሱ የጎዳው ሰው አለ።

ጆ ፍሬዘርን ማለቴ ነው። አሊ በታገደበት ጊዜ ፍሬዘር ገንዘብ ሰጥቶታል፣ ፈቃዱ እንዲመለስለትም ተናግሮለታል። አሊ ሲመለስ ግን የነጮች አሽከር ብሎ ሰደበው፣ ጎሪላ ብሎ ጠራው፣ ግጥሚያ ለማሟሟቅ ነው ቢባልም የፍሬዘር ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሰደቡበት ኖሩ። ፍሬዘር በመጋቢት 1971 አሊን መሬት ላይ የጣለ፣ በነጥብም ያሸነፈ ሰው ነው፣ ያም ሆኖ እድሜ ልኩን ከአሊ ጥላ አልወጣም። ፊላደልፊያ፣ የኖረባት ከተማ፣ የአንድ የፊልም ቦክሰኛ ሀውልት ለብዙ አመታት ቆሞባት የፍሬዘር ግን የቆመው በ2015 ነው፣ እሱ ከሞተ አራት አመት በኋላ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ላሪ ሆልምስም እንደዛው። የአሊ የልምምድ ተጋጣሚ ነበር፣ በ1980 ያረጀውን አሊን እየመታ ከ10ኛው ዙር በኋላ ግጥሚያው ተቋረጠ፣ ያንን ይቅር ያለው ደጋፊ ጥቂት ነው። ቀበቶውን 20 ጊዜ ተከላክሏል፣ 48 አሸንፎ ምንም ሳይሸነፍ የሮኪ ማርሲያኖን 49 ለ 0 ሊደርስ አንድ ሲቀረው በስፒንክስ ተሸነፈ። በዘመኑ "ደረቅ ነው፣ አሊን አይሆንም" ነበር የሚባለው። አሁን ቦክስ የሚያጠኑ ሰዎች የግራ እጁን ከታሪክ ምርጦች ጋር ነው የሚጠሩት። ሆልምስ ለደጋፊ ምንም ቃል አልገባም፣ ስራውን ብቻ ነው የሰራው፣ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ዋጋው የሚታወቀው ጩኸቱ ካለፈ በኋላ ነው።

እርስዎ በእድሜዎ ስለ ጥቁር አሜሪካዊው ቦክሰኛ ስለ ጆ ሉዊስ ሳይሰሙ አይቀሩም፣ እኛን ስለሚነካ ልጨምርልዎ። ሰኔ 1927 ዓ.ም፣ ጣሊያን ሊወረን ጦር እያጓጓዘ ባለበት ጊዜ፣ ኒውዮርክ ላይ የ21 አመቱ ሉዊስ ከጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ካርኔራ የቀድሞ የአለም ሻምፒዮን፣ ከ110 ኪሎ በላይ የሆነ ግዙፍ ሰው ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች ይሄን እንደ ተራ ቦክስ አላዩትም፣ ኢትዮጵያና ጣሊያን ሪንግ ላይ ወጡ ነው ያሉት። ሉዊስ በ6ኛው ዙር ጨረሰው። ከአምስት ወር በኋላ፣ ኅዳር 1928 ዓ.ም፣ ይቺው ደሴያችን፣ ጃንሆይ ባሉበት፣ በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደበች። ሉዊስ አይቶን አያውቅም፣ የሱ ደጋፊዎች ግን የኛን ስም ይዘው ነው የጮሁለት።

ከኮምቦልቻ

"ሜይዌዘር 50 ለ 0 ነው፣ ፓኪያው ስንቴ ተሸንፏል። ታዲያ ለምን ያወዳድሯቸዋል?"

ባጭሩ፣ ፓኪያው በስምንት የክብደት ምድብ ሻምፒዮን ስለሆነ፣ ያንን ያደረገ ሌላ ስለሌለ። በ2015 ሲገናኙ ሜይዌዘር አሸንፏል፣ ንፁህ አሸናፊነት ነው፣ ማንም አይወስድበትም። 50ኛዋ ግን ቦክሰኛ ባልሆነው በኮነር ማክግሪገር ላይ የተገኘች መሆኗን አትርሳ። እኔን የሚያሳስበኝ ያቺ ዜሮ ለልጆቹ ያስተማረችው ነገር ነው፣ አሁን አንድ ቦክሰኛ አንዴ ከተሸነፈ "አለቀ" ነው የሚሉት። ፓኪያው በ2012 በሜክሲኮው ማርኬዝ ተመቶ ፊቱ መሬት ላይ ተደፍቶ ለተወሰነ ጊዜ አልተንቀሳቀሰም፣ ሚስቱ እያለቀሰች ሪንግ ላይ ልትወጣ ስትታገል አለም አይቷል፣ ከዛ ተነስቶ በ40 አመቱ ቀበቶ ወሰደ። ለኔ ያ ከዜሮዋ አይበልጥ እንደሆን እንጂ አያንስም።

ከሀይቅ

"17 አመቴ ነው፣ ደሴ እየተመላለስኩ ቦክስ እሰራለሁ። የመጀመሪያ ግጥሚያዬን ባለፈው ወር ተሸነፍኩ። ግራዬን ሰንዝሬ ስመልስ ቀኙ አገጬ ላይ አረፈ፣ ከዛ በኋላ ብዙም አላስታውስም። ጓደኞቼ በስልክ ቀርፀውት ነበር፣ አሁን ሰፈር ውስጥ ሳልፍ 'ተኛ!' ይሉኛል። ከዛ ወዲህ ልምምድ አልገባሁም። ልተወው?"

ጎበዜ፣ ከሁሉም በፊት ሀኪም አይቶሃል? "ብዙም አላስታውስም" ያልከው ቀላል ነገር አይደለም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት ካለህ ሀኪም ሳያይህ ጓንት እንዳታስር፣ ለአሰልጣኝህም ንገረው፣ አትደብቀው።

ሰፈሩን በተመለከተ፣ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፣ ታውቀዋለህ። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ሙኒክ ላይ የ5 ሺህ ውድድር ሲያመልጠው ስንት ነገር እንደተባለ አባቶችህን ጠይቅ፣ በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ሲያሸንፍ ያን ሁሉ የተናገረ ሰው የት እንደገባ አልታወቀም።

አንተን የሚመለከት ግን ከላይ ያነሳሁት ጆ ሉዊስ ነው፣ ምክንያቱም የተሸነፈው ልክ አንተ እንደተሸነፍከው ነው። ካርኔራን ባሸነፈ በአመቱ፣ በፈረንጅ ሰኔ 1936፣ ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ የሉዊስን ግጥሚያዎች በፊልም ቁጭ ብሎ አጥንቶ አንድ ነገር አየ፣ ሉዊስ ግራውን ሰንዝሮ ሲመልስ እጁን ዝቅ ያደርጋታል። በቃ ሌላ ነገር አልፈለገም፣ ማታውን ሙሉ ቀኙን እዛች ክፍተት ውስጥ ሲያስገባ አምሽቶ በ12ኛው ዙር ዘረረው። የኒውዮርክ ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር በሀርለም ሰው መንገድ ላይ አለቀሰ፣ ሌላው ደግሞ ድሮም የተጋነነ ነው አለ። ሉዊስ ወደ ጂም ተመለሰ፣ በቀጣዩ አመት ሻምፒዮን ሆነ፣ በሰኔ 1938 ሽሜሊንግን ድጋሚ አገኘው። በመጀመሪያው ዙር፣ በ124 ሰከንድ አለቀ። ቀበቶውን 25 ጊዜ ተከላከለ፣ በከባድ ሚዛን እስከዛሬ ያንን የደረሰበት የለም።

ስለዚ ጓደኞችህ የቀረፁትን ቪዲዮ ላኩልኝ በላቸውና ብቻህን ሆነህ እየው፣ አንዴ ፊትህን ሳይሆን ግራ እጅህን ብቻ እየተከተልክ። ከሰነዘርክ በኋላ ወደ ጉንጭህ ነው የምትመለሰው ወይስ ወደ ደረትህ? ሀኪሙ ፈቅዶልህ ልምምድ ስትገባ መልሱን ለአሰልጣኝህ ንገረው፣ ለኔም ፃፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።